ዋዛና ቁም ነገር በፎቶግራፍ

፩

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ሲገባ ስሙን ከውጭ ይዞ ቢመጣም፥ ግሡን የሰጠው አማርኛ ነው። ፎቶግራፍ «ይነሣል» እንላለን። «ማንሣት» ብዙ ሥራ ያለው ቃል ነው፤ የወደቀ ይነሣል፥ ሸክም ይነሣል፥ የተረሳ ነገር ይነሣል፥ የሰውም ስም በደግ ወይም በክፉ ይነሣል። በእንግሊዝኛ ግን በችኰላ ለተነሣ ፎቶግራፍ የተሰጠው ስም የመጣው ከአዳኞች ዘንድ ነው፤ አዳኝ አውሬውን ድንገት ባየ ጊዜ በቅጡ ሳያነጣጥር የሚተኩሰው ጥይት ይጠራበት የነበረው ቃል በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ፎቶግራፍ ተላልፏል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የዋዛ ፎቶግራፍ ከቁም ነገር ፎቶግራፍ በምን እንደሚለይ መመርመር ነው። ጥያቄው የሥነ ጥበብ ሰዎች ብቻ የሚከራከሩበት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሕዝብን ልማድ፥ አኗኗርና እምነት ለሚያጠና ሰው ጉዳዩ ከዚያ የበለጠ ክብደት አለው፤ እርሱ ፎቶግራፍን የሚያቀርበው ለጌጥ ሳይሆን ለምስክርነት ነውና። ምስክር ደግሞ ማንነቱ፥ የቆመበት ቦታና ያየው ነገር መጠን ካልተጠየቀ በቀር ቃሉ አይታመንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

፪

ለጥያቄው ብዙ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ በመሣሪያው ላይ የተመሠረተ ነው። ይህም መልስ ታሪካዊ ምክንያት አለው። ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ከተገለጠ በኋላ ለ50 ዓመት ያህል ሥራው ባለሙያ የሚደክምበት ሥራ ነበር። በ1851 የተገለጠው የእርጥብ መስተዋት ዘዴ አንሺው መስተዋቱን በመድኃኒት ቀብቶ፥ ሳይደርቅ አንሥቶ፥ ሳይደርቅም አጥቦ እንዲጨርስ ያስገድደው ስለ ነበር፥ ከቤቱ ርቆ በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ የጨለማ ድንኳንና የመድኃኒት ጠርሙስ አስጭኖ መጓዝ ነበረበት። በ1867 እና በ1868 በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት መሐንዲሶች ካርታና ንድፍ ለማባዛት፥ አገሩንም ለማንሣት የፎቶግራፍ ጓዝ ይዘው ነበር። እንዲህ ያለውን ጓዝ በኢትዮጵያ ተራራ ላይ የሚያጓጉዝ ሰው ምን እንደሚያነሣ አስቀድሞ ሳያስብ መስተዋቱን አይቀባም።

በ1888 ግን ጆርጅ ኢስትማን የተባሉት አሜሪካዊ ኮዳክ ብለው የሰየሙትን ሣጥን ለገበያ አወጡ። በሣጥኑ ውስጥ 100 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጥቅል ፊልም ነበረበት። ገዢው ፊልሙን ሲጨርስ ሣጥኑን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ፋብሪካውም ሥዕሎቹን አትሞ፥ ሣጥኑን በአዲስ ፊልም ሞልቶ ይመልስለታል። ዋጋው 25 ዶላር ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው የካርቶን ሣጥን በ1 ዶላር ተሸጠ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፎቶግራፍ ለማንሣት ዕውቀትም ሆነ ድካም የግድ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። ስለዚህ ትልቅ መሣሪያ፥ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ብዙ ድካም የቁም ነገር ምልክት፥ ትንሽ መሣሪያና ፍጥነት ደግሞ የዋዛ ምልክት ተደርገው ተቈጠሩ።

ይህ አከፋፈል ብዙ ሳይቈይ ፈረሰ። በ1925 ለገበያ የቀረበው ላይካ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፥ በእርሱ የተነሡት የሄንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ሥራዎች ከዘመኑ ታላላቅ ፎቶግራፎች ጋር ተሰልፈዋል። እኒህ ሰው በ1952 ያሳተሙት መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ርእሱ ስለ ወሳኝ ቅጽበት ሲናገር፥ የፈረንሳይኛው ርእስ ግን በጥድፊያ፥ እንደ መንጠቅ ያህል የተነሡ ሥዕሎች እንደ ማለት ነው። ከዚህም የሚብስ ምሳሌ አለ። ዣክ ሄንሪ ላርቲግ የተባሉት ፈረንሳዊ ገና ልጅ ሳሉ ዘመዶቻቸው ሲጫወቱ፥ ሲዘሉና አውቶሞቢል ሲነዱ ያነሡ ነበር። ሥራው የቤተ ሰብ መዝናኛ እንጂ ሌላ ዓላማ አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ በ1963 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክር እነዚያን ሥዕሎች በትርኢት አቀረባቸው፤ የልጅ ጨዋታ የነበሩትም ከጦርነት በፊት የነበረ የአንድ መደብ አኗኗር ምስክር ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ፍጥነትና የመሣሪያ ትንሽነት መለያ ሊሆኑ አይችሉም።

ሁለተኛው መልስ በሥዕሉ ጥራትና ውበት ላይ የተመሠረተ ነው። ጠርዙ የጠራ፥ ብርሃኑ የተስተካከለ፥ ቅንብሩ የሰመረ ፎቶግራፍ የቁም ነገር ነው ይባላል። ሮበርት ፍራንክ በ1955 እና በ1956 አሜሪካን ዞረው ካነሡት 27,000 ያህል ሥዕል መካከል 83ቱን ብቻ መርጠው በ1958 በፓሪስ፥ በ1959 በኒው ዮርክ ሲያሳትሙ፥ አንዳንድ ተቺዎች ሥዕሎቹ የደበዘዙና የተጣመሙ ናቸው ብለው ነቅፈዋቸው ነበር። ዛሬ ያ መጽሐፍ በፎቶግራፍ ታሪክ ያለውን ከፍተኛ ስፍራ የሚክድ የለም። በአንጻሩ ለጎብኚ የሚሸጠው የመልክዓ ምድር ካርድ ጠርዙ የጠራ፥ ቀለሙም የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ስለ ቦታውም ሆነ ስለ ሰዉ አንድም አዲስ ነገር አያስረዳም።

ሦስተኛው መልስ አቋቋምን ይመለከታል። አንዳንዶች ሰው ተዘጋጅቶ የቆመበት ፎቶግራፍ ሐሰት፥ ሳያውቅ የተነሣበት እውነት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ይፈርዳሉ። በዚህ ረገድ የአገራችን ልማድ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነዋል፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሥራውን ቀጥለዋል። በእነርሱና በኋላ በተከፈቱት ፎቶግራፍ ቤቶች የተነሣው የከተማ ሰው ካባውን ደርቦ ወይም ነጠላውን አስተካክሎ፥ ፊቱን ወደ መሣሪያው አቅንቶ ይቆማል፤ አይሥቅም። ይህን የሚያይ የውጭ ሰው ግትርነት ይለዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን የሚያውቅ ግን ሌላ ነገር ያያል። በጥንታዊው ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካች መልሶ በሁለት ዐይኑ፥ ኃጥእ ግን በጐኑ ዞሮ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይሣላል። ከዚህ ልማድ መካከል ያደገ ሰው ፊት ለፊት መቆሙን ክብር አድርጎ ቢቈጥረው የሚያስደንቅ አይደለም። ያ አቋቋም ራሱ ለአጥኚው ማስረጃ ነው፤ ሰውየው በልጅ ልጆቹ ዘንድ እንዴት ሊታይ እንደሚወድ ይነግረናልና። ስለዚህ መዘጋጀትም ሆነ አለመዘጋጀት ዋዛንና ቁም ነገርን አይለይም።

፫

መለያውን ለማግኘት በአንድ ታዋቂ ፎቶግራፍ ላይ ቈም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1868 በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የ7 ዓመቱ ልዑል ሞግዚት ሆነው የተሾሙት ካፕቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበሩ። እኒህ ሰው ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገሉ፥ አማርኛም የሚናገሩ፥ በአገራችን ባሻ ፈለቀ ተብለው የተጠሩ ናቸው። በሐምሌ ወር 1868 ሁለቱ በዋይት ደሴት ሳሉ በዚያ ይኖሩ የነበሩት ዝነኛዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሧቸው።

ካሜሮን በዋዛ የሚያነሡ ሴት አልነበሩም። በ1863 መጨረሻ፥ በ48 ዓመታቸው፥ ከልጃቸውና ከአማቻቸው የፎቶግራፍ መሣሪያ በስጦታ ካገኙ ጀምሮ ጊዜያቸውን ሁሉ ለዚህ ጥበብ ሰጥተዋል። ትላልቅ መስተዋት ይጠቀሙ ነበር፤ የሚነሣው ሰው ብዙ ጊዜ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ጠርዙ የለሰለሰ፥ ብርሃኑ ከአንድ ወገን የሚወርድ፥ ከጨለማ ውስጥ ፊት ብቻ ጐልቶ የሚወጣበት አሠራራቸው በሰዓሊዎች ዘንድ ተደንቋል። የልዑሉ ሥዕልም በዚህ አሠራር የተነሣ ነው። የሕፃኑ ፊት ላይ ያለውን ሐዘን ያላስተዋለ ተመልካች ጥቂት ነው። ከሥዕሉ ሥርም ካሜሮን «ደጃች ዓለማየሁ» የሚለውን ስም ከነማዕርጉ፥ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆናቸውንም ጨምረው በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ለተነሡ ሰዎች እንዲህ ያለ ክብር የሚሰጥ አንሺ ብዙ አልነበረም።

እንግዲህ በድካም፥ በጥበብና በስም አጠባበቅ ይህ ፎቶግራፍ የቁም ነገር ነው። ነገር ግን የሕዝብ ልማድ አጥኚ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ሥዕሉ ስለ ምን ይመሰክራል? ልዑሉ በሐበሻ ልብስና ጌጥ ተነሥተዋል፤ ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሰው ከጐናቸው የተነሡበት ሥዕል አለ። ተመልካቹ ስለ ኢትዮጵያ የመኳንንት አለባበስ የሚማር ይመስለዋል። ነገር ግን ቦታው የእንግሊዝ ደሴት ነው፤ አልባሹና አስቀማጩ የልዑሉ ወገን አይደለም፤ ሞግዚቱም ከድል አድራጊው ሠራዊት የመጣ መኰንን ነው። ሥዕሉ የሚመሰክረው በኢትዮጵያ ልጅ እንዴት ይለብስ እንደ ነበር ሳይሆን፥ በ1868 እንግሊዝ አገር የተማረከን ልዑል እንዴት ለማየት ትወድ እንደ ነበር ነው። እናቱ፥ አምባውና ምርኮው ከሥዕሉ ውጭ ቀርተዋል።

ይህን ማለት ካሜሮንን መክሰስ አይደለም። ሥዕሉን በልኩ ማንበብ ነው። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመታቸው በሊድስ ከተማ ዐርፈው በዊንድሶር ተቀበሩ። ዐፅማቸው ወደ አገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ያቀረበችውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 ሳይቀበል ቀርቷል። ስለዚህ ጉዳይ በተጻፈ ቍጥር እየወጣ የሚታየው ከዚያን ዘመን ፎቶግራፎች አንዱ ነው። የልዑሉን ፊት የጠበቀልን ፎቶግራፍ ነው፤ የምርኮውን ታሪክ ግን ከሌላ ምንጭ መጨመር የአንባቢው ሥራ ነው። ከዚህ የምንማረው የቁም ነገር ፎቶግራፍ በጥበብ ሚዛንና በምስክርነት ሚዛን ለየብቻ መመዘን እንዳለበት ነው። በአንዱ የከበደው በሌላው ሊቀልል ይችላል።

፬

የምስክርነቱ ሚዛን ምን እንደሚመስል ለማሳየት የሚጠቅሙ ሦስት ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው የኤድዋርድ ኩርቲስ ሥራ ነው። ኩርቲስ ከ1907 እስከ 1930 ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች 20 ቅጽ መጽሐፍ ከብዙ ፎቶግራፍ ጋር አሳትመዋል። ትጋታቸውን የሚስተካከል ጥቂት ነው። ነገር ግን በ1910 ፒገን በተባለው ሕዝብ ድንኳን ውስጥ ካነሡት ሥዕል መካከል አንዱ ብዙ ያነጋግራል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው የግድግዳ ሳይሆን በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ሰዓት ነበር። በታተመው ሥዕል ሰዓቱ የለም፤ ተፍቆ ወጥቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንሺው ያልተነካና ሊጠፋ የተቃረበ ጥንታዊ አኗኗር ለማሳየት ይፈልጉ ነበርና ሰዓቱ አሳባቸውን ያፈርስባቸው ነበር። ነገር ግን ባለድንኳኑ ሰዓቱን በክብር ቦታ ማስቀመጡ ራሱ ልማድ ነው። ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው እርሱ ነበር። አንድ ተራ መንገደኛ በኮዳክ ሣጥን ያንን ድንኳን አንሥቶ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ በቦታው ይገኝ ነበር። ስለዚህ ዋዛው ፎቶግራፍ ከተደከመበት ፎቶግራፍ የበለጠ ታማኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው የዶሮቲያ ላንግ ሥራ ነው። ላንግ በመጋቢት ወር 1936 በካሊፎርኒያ፥ ኒፖሞ በተባለ ስፍራ፥ አተር ለቀማ በመጡ ድኾች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሡ። ላንግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ያነሡትም ጥቂት ሥዕል ብቻ ነው፤ ከእነዚያም አንዱ በዓለም እጅግ ከታወቁት ፎቶግራፎች መካከል ሆነ። ሥዕሉ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ለሰፈሩ የምግብ ርዳታ ተልኳል። እንግዲህ ሥራው ጥቅም አልሰጠም ሊባል አይችልም። ነገር ግን ላንግ በዚያን ቀን የሴትዮዋን ስም አልጠየቁም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መባላቸው ለሕዝብ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ፥ በ1978 ነው። ያን ጊዜም ሥዕሉ ምንም እንዳልጠቀማቸው፥ ባይነሡም ይመርጡ እንደ ነበር ተናገሩ። በተጨማሪም ተመልካቹ ሁሉ ከአውሮፓ የመጡ ነጭ ገበሬዎች ምሳሌ አድርጎ ሲያያቸው የኖሩት ሴት በትውልዳቸው ከቸሮኪ ሕዝብ መሆናቸው ታወቀ። ስማቸው በዚያን ቀን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን የኖረ ስሕተት ባልጸና ነበር። የሚያስገርመው ላንግ በሌሎች ሥራዎቻቸው የተነሡትን ሰዎች አነጋገር ሳይቀር ከሥዕሉ ሥር የሚጽፉ ጠንቃቃ መሆናቸው ነው። አንድ ጊዜ የታለፈች ጥያቄ የታላቅ ባለሙያን ሥራ እንኳ በምስክርነት ወገን ጐዶሎ ታደርገዋለች።

ሦስተኛው ለእኛ ትምህርት ይበልጥ የሚቀርበው የግሪጎሪ ቤትሰንና የማርጋሬት ሚድ ሥራ ነው። እነዚህ ባልና ሚስት ከ1936 እስከ 1938 በባሊ ደሴት ተቀምጠው ሕዝቡ ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድግ ያጠኑ ነበር። ለሁለት ዓመት ይበቃናል ብለው የወሰዱት 75 ጥቅል የላይካ ፊልም ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ወላጆችና ልጆች ሲጫወቱ 45 ደቂቃ ያህል ሲመለከቱ ቤትሰን ሦስት ጥቅል ጨረሱ። ከዚያ በኋላ የሥራቸውን ስፋት ጨምረው በመጨረሻ 25,000 ያህል ፎቶግራፍ አነሡ። በ1942 በታተመው መጽሐፋቸው የገባው ግን 759 ብቻ ነው።

የአንሺውን እጅ ፍጥነት ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ሥራ ዋዛ ይመስላል፤ በአንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ከመቶ የማያንስ ሥዕል ተነሥቷልና። ነገር ግን ቤትሰን ሲያነሡ ሚድ በዚያው ሰዓት አጠገባቸው ሆነው የሆነውን ነገር ከነሰዓቱ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል ከማን በፊትና ከማን በኋላ እንደ ተነሣ፥ ልጁ ማን፥ እናቲቱ ማን እንደ ሆነች ይታወቃል። በመጽሐፉም ሥዕሎቹ ለብቻቸው እንዲደነቁ ሳይሆን እርስ በርሳቸው እንዲነጻጸሩ ጐን ለጐን ተደርድረዋል። በዚህ ሥራ ላይ የሚነሣ ነቀፋም አለ። ሰዎቹ በዚያች ሰዓት መነሣት ላይወዱ ይችላሉ ተብሎ በሚጠረጠርበት ጊዜ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያነጣጠረ የሚመስል መመልከቻ በመሣሪያው ላይ ይገጠም እንደ ነበር ራሱ መጽሐፉ ይናገራል። ይህን አሠራር ዛሬ በደግ አንቀበለውም። ነገር ግን ነቀፋውን ልንሰነዝር የቻልነው እነርሱ አሠራራቸውን ስላልደበቁ ነው። የኩርቲስ ሰዓት ግን ከሥዕሉ ላይ ሲፋቅ በመጽሐፉ ያን የሚያመለክት ቃል አልነበረም።

፭

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት መለያ ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ምርጫ በማንሣቱ ሰዓት ብቻ አይፈጸምም፤ ብዙው ሥራ ከተነሣ በኋላ የሚሠራ ነው። ፍራንክ ከ27,000 ውስጥ 83ቱን ሲያወጡ፥ ቤትሰንና ሚድ ከ25,000 ውስጥ 759ኙን ሲያወጡ፥ ለምን ይህ ቀረ፥ ለምን ይህ ገባ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ነበራቸው። የዋዛ አንሺ ግን ያነሣውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ ወይም ለዐይኑ ያማረውን ብቻ ይመርጣል።

ሁለተኛው ዕውቀት ነው። አንሺው የሚያነሣውን ነገር ምንነት ማወቅ አለበት። ለምሳሌ በሰርግ ወይም በልቅሶ ላይ የሚገኝ ተማሪ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፥ ማን ቀድሞ እጅ እንደሚነሣ፥ ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንደሚበላ ካላወቀ፥ መሣሪያውን የሚያዞረው ወደ ደመቀው ቀለምና ወደ ጮኸው ድምፅ ነው። ቁም ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ባለው ጥግ ነው ያለው። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ሳምንት የተነሣ ፎቶግራፍና በአሥረኛው ወር የተነሣ ፎቶግራፍ፥ ቦታውና መሣሪያው አንድ ቢሆንም፥ የተለያየ ክብደት አላቸው።

ሦስተኛውና ዋናው ኀላፊነት ነው። የቁም ነገር ፎቶግራፍ አንሺው ሊጠየቅበት የሚችል ፎቶግራፍ ነው። ማን፥ የት፥ መቼ፥ በማን ፈቃድ፥ ከምን በፊትና ከምን በኋላ የሚሉት ጥያቄዎች ሲቀርቡ መልስ ሊገኝ ይገባል። ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሕግ ብቻ ሆኖ አይታየን። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ሥዕል የመረመረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሰዓሊው ከሥዕሉ ጐን «ዘከመ» ብሎ ጀምሮ የሆነውን ነገር በአጭር ይጽፋል፤ የቅዱሱንም ስም ከራሱ አጠገብ ያኖራል። ሥዕሉን ያሠራው ባለጠጋ ወይም መኰንን ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቆ ሲሣል ስሙና ልመናው ከአጠገቡ ይጻፋል። ቃልና ሥዕል ተለያይተው እንዳይቀሩ የማድረግ ልማድ እንግዲህ የራሳችን ነው። ያለ ጽሑፍ የቀረ ሥዕል ባለሙያ ላልሆነ ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ፎቶግራፍም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

ይህ ሦስተኛው መለያ አንድ መከራከሪያ ሊያስነሣ ይችላል። ስም መጻፍ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ሥዕሉን ግን አንዳች አይለውጠውም የሚል አስተያየት አለ። በጥበብ ሚዛን ይህ እውነት ነው። የቶምሰን ፊት ስማቸው ከታወቀ በኋላም ያው ነው። ተመልካቹ ግን ያው አይደለም። ስም የለሽ ሲሆኑ የድኽነት ምሳሌ ነበሩ፤ ስማቸው ሲነሣ ግን አንድ ሰው ሆኑ፤ ቅሬታቸውንም ለመስማት ግድ ሆነብን። በሕዝብ ልማድ ጥናት ውስጥ ሰውን «አንድ ገበሬ»፥ «አንዲት ልጃገረድ»፥ «የአገሩ ሽማግሌ» እያሉ ማሳተም የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ሰውየውን ከሰውነት ወደ ናሙናነት ያወርደዋል። ስሙ ቢታተም ጕዳት የሚደርስበት ከሆነ ስሙን መሠወር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዐውቆ መሠወርና ሳይጠይቁ መቅረት አንድ አይደሉም።

፮

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ዋዛ ፎቶግራፍ ዋጋ ቢስ ነው ወደ ማለት እንዳይወስደን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዋዛነት በሥዕሉ ላይ ለዘለዓለም የታተመ ማኅተም አይደለም። የላርቲግ የልጅነት ሥዕሎች በኋላ ዘመን ወደ ቁም ነገር የተሸጋገሩት በሌሎች ሰዎች ምርመራ ነው። በአገራችንም ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 በኢትዮጵያ የተነሡ ፎቶግራፎችን ሰብስበው፥ ሥዕሎቹን ከታሪካቸው ጋር አገናኝተው አቅርበዋል። ከእነዚያ ሥዕሎች መካከል መንገደኛ፥ ነጋዴና ዲፕሎማት ለመታሰቢያ ብቻ ያነሣቸው ይገኛሉ። የመርማሪው ድካም የመንገደኛውን ማስታወሻ ለታሪክ ማስረጃ አድርጎታል። ስለዚህ በየቤቱ በሣጥን ውስጥ የተቀመጡት የሰርግ፥ የክርስትናና የልቅሶ ፎቶግራፎች ለተማሪዎቻችን ሰፊ የሥራ መስክ ናቸው። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በሕይወት ሳሉ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ስም ማስጻፍ ይገባል። እነርሱ ካለፉ ሥዕሉ ይቀራል፤ ምስክርነቱ ግን ከእነርሱ ጋር ይቀበራል።

ዛሬ የፎቶግራፍ መሣሪያ በእያንዳንዱ ተማሪ የእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ቤትሰንና ሚድ በሁለት ዓመት ያነሡትን ያህል ሥዕል አንድ ተማሪ በአንድ የዕረፍት ጊዜ ጥናት ያለ ወጪ ሊያነሣ ይችላል። ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን፥ ከተፈቀደለትም ቦታውን ጭምር በራሱ ይመዘግባል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች የመመዝገቡ ሥራ በመሣሪያው ተፈጽሟል ብለው ያምናሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መሣሪያው የሰውየውን ስም አያውቅም፤ ከጐኑ የቆመችው እኅቱ ትሁን ምራቱ አያውቅም፤ ሥርዐቱ በእውነት የተፈጸመ ይሁን ለእንግዳው ሲባል የተደገመ አያውቅም፤ ሰውየው ፈቅዶ ይሁን አፍሮ ዝም ብሎ አያውቅም። እነዚህን የሚያውቅና የሚጽፍ አጥኚው ብቻ ነው። መሣሪያው በቀለለ መጠን የአጥኚው ሸክም ይከብዳል እንጂ አይቀልልም።

ስለዚህ በዚህ ረገድ ለተማሪዎች የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ከማንሣት በፊት ሰላምታና ፈቃድ ይቅደም። በተነሣበት ቀን፥ ሌሊቱ ሳያልፍ፥ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር ስሙ፥ ቦታው፥ ሰዓቱና የነገሩ ሁኔታ ይጻፍ፤ አጥኚው በዚያ መገኘቱ የለወጠው ነገር ካለም ሳይደበቅ ይነገር። አሳባችንን የሚያፈርስ ነገር በሥዕሉ ውስጥ ቢገኝ፥ እንደ ኩርቲስ ሰዓት ከመፋቅ ይልቅ ስለ እርሱ መጠየቅ ይሻላል። በመጨረሻም ከሥዕሉ አንድ ቅጂ ለተነሣው ሰው ይመለስ። ይህ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ምርመራም ነው፤ ባለቤቱ ሥዕሉን አይቶ «ይህ እኔ አይደለሁም፤ ይህ የሆነው እንዲህ ነው» ሲል አጥኚው ያላየውን ያሳየዋልና። ፎቶግራፉን አንሥቶ ስሙን ሳያነሣ የሄደ ሰው፥ የአማርኛው ግሥ ከሚጠይቀው ሥራ እኩሌታውን ብቻ ሠርቷል።